ወለል የሌላት ስፖርት መኪና

ከጎንደር የወጣን ሌሊት ሻንጣችንን ተሸክሞ መናኸሪያ ያደረሰን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አዳነ ነበር። እስራኤል የመግቢያው ፈቃድ ለእኛ ብቻ መጥቶ የእሱ ቀረ። «በሚቀጥለው ወር እደርስባችኋለሁ» ብሎ በአውቶቡሱ መስኮት እጄን ጨበጠኝ። ያኔ በእናቷ ጀርባ ላይ የነበረችው ልጁ ዛሬ የራሷን ልጅ ታዝላለች፤ አዳነ ግን እዚያው ጎንደር ነው።

እኛ አፉላ ከተማ ገባን፤ ቤታችን ጊቫት ሃሞሬ የሚባለው ኮረብታ ላይ ነው። የማታው ነፋስ ጎንደርን ይመስላል፣ የቀኑ ሙቀት ግን መተማ ነው። እኛ ወቅጠን የምንበጠብጠውን ሱፍ እዚህ ጋርዒኒም ብለው ይቆረጥሙታል፣ ልጣጩን መንገድ ላይ ይተፉታል። አሁን እኔም እቆረጥማለሁ፤ ልጣጩን ግን በእጄ እይዛለሁ።

ወንድማማቾቹ ጎንደር አንድ ጋራዥ ነበራቸው። ባለቤቴ ሞተር ይሠራሉ፤ አዳነ የተጨማደደውንና የዛገውን ላሜራ ያቃናል፣ ይበይዳል። እዚህ ባለቤቴ ፋብሪካ ዕቃ ሲጭኑ ኖረው ፔንስያ፣ ማለትም ጡረታ፣ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከሶፋው መነሳት ቀረ። አዳነ ሲደውል እንኳ ስልኩን ለእኔ ያቀብሉኛል።

«‹የእኛስ ነገር?› ይለኛል፤ የፈቃዱን ነገር ምን ብዬ ልመልስለት?» አሉኝ አንድ ቀን።

ሁለቱ እንዲህ ዝም እንደተባባሉ እንዳይቀሩ ፈራሁ።

አፉላ ኢሊት በሚባለው ሰፈር ሚስቱን አስታምምለት የነበረ ሩማንያዊ ሽማግሌ አሮጌ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረችው፤ ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። አድሳታለሁ ብሎ ፈታትቶ፣ ሳይገጥማት እሱም አረጀ። ሽጥልኝ ስለው ሳቀ።

«ገቬሬት» አለኝ፣ እመቤቴ ማለቱ ነው፣ «ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«የለኝም። አንተስ መኪናህ ሞተር አላት?»

«ተፈታትቶ በሳጥን ተቀምጧል።»

«ሙሉው?»

«ከሞላ ጎደል።»

«የጎደለውን ንገረኝ እንጂ።»

«አንድ የፊት መብራት፣ የግራ መስታወት... ወለልም የላትም። ዝገት በልቶታል። ስትቀመጪ አስፋልቱን ታይዋለሽ። ዪህዬ በሴደር።»

ደህና ይሆናል ማለቱ ነው፤ እዚህ አገር ጣሪያ ቢያፈስም የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔ ግን ለመግዛት የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። ወለል የአዳነ ሥራ ነው።

ባለቤቴ ጎንደር ሳሉ ደጃቸው ድረስ ተገፍቶ የመጣን መኪና ሳያዩ አይመልሱም ነበር። ስለዚህ ሳልነግራቸው በጎታች መኪና አስመጥቼ በራችን ላይ አስወረድኳት።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ከመስኮቱ።

«መኪናዬ ናት። ይሠሩልኛል ወይስ ሌላ ጋራዥ ልውሰዳት?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«ደንበኛ እንዲህ ይባላል?»

ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ዞሯት፤ ኮፈኑን ከፈቱ፤ ተንበርክከው ከሥር አዩ። «ሻንሲው ደህና ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እስቲ ለአዳነ ደውዪለት።»

በቪዲዮ ደወልን።

«ጋሼ፣ ስልኩን ዝቅ ያድርጉት። ዝቅ! ጣትዎን እኮ ነው የማየው!»

«አሁንስ?»

«ኧረ ይህን ወለል ምን ነካው! አይጥ ነው የበላው?»

ባለቤቴ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ የእሳቸው ሆነ። ሞተሩን እየገጠሙ ያሳዩታል፤ እሱም በሩ ተጣሟል፣ ቀለሙ አይረባም እያለ ይተቻል። «የእኛስ ነገር» የሚለው ሳይነሳ ይዘጋሉ።

ሞተሩ ተገጥሞ የተነሳ ሰሞን የሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ መጣ። «ይህ ጋራዥ አይደለም። ክረምት ሳይገባ ወይ ትነዳ ወይ ትነሳ» አለን። ባለቤቴም መሀል ከተማ አንድ በያጅ አገኙና ለአዳነ ነገሩት።  

«ጋሼ» አለ አዳነ፣ «ወለሏን ለሌላ እጅ አይስጡብኝ። ስመጣ እኔ እበይዳታለሁ።»

ባለቤቴ ወደ እኔ አዩ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

«እሺ» አሉት። «አልነካትም።»

አሁን ዝናቡ ጀምሯል። ላስቲክ አልብሰናታል። ትናንት ሰብሳቢው ተመልሶ መጣ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«በያጃችንን» አሉት ባለቤቴ።

«አፉላ በያጅ ሞልቶ! የእናንተው የት ነው ያለው?»

«ጎንደር።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ባለቤቴ ጎንበስ ብለው፣ ነፋሱ ላስቲኩን እንዳይገልጠው፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት።