በኬሩቦ ስም የተጻፈው መልእክት

ኬሩቦን ከሥራ ያስባረራት ያልጻፈችው ኢሜይል ነው። በኬንያ፣ በናይቫሻ ሐይቅ ዳር፣ ጽጌረዳ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራ ነበር። የኪሲ አገር ልጅ ናት፤ ቁጥብ፣ ሥራዋን አክባሪ፣ ሲነኳት ግን የማትረሳ። አንድ ማለዳ ለድርጅቱ ትልቁ ደንበኛ፣ ለአንድ የሆላንድ ነጋዴ፣ በእሷ ስም መልእክት ደረሰው። «አበባው ጠውልጎ መጣ የምትለው ውሸት ነው፤ ካልተመቸህ ሌላ ቦታ ግዛ» ይላል። ነጋዴው ወዲያው ውሉን አፈረሰ።

የድርጅቱ ባለቤት ማማ ናሊያካ ሠራተኛውን ሁሉ አበባ በሚታሸግበት ቀዝቃዛ አዳራሽ ሰበሰቡ።

«ማማ፣ እኔ አልጻፍኩም» አለች ኬሩቦ። «ኢሜይል ላይ የላኪውን ስም ማንም እንደፈለገ መጻፍ ይችላል። ፖስታ ጀርባ ላይ የሰው ስም እንደመጻፍ ነው።»

የሽያጭ ኃላፊው ሙሴምቢ ጣልቃ ገባ። «ስምሽ አለ፣ አድራሻሽ አለ። ታዲያ ጋኔን ነው የጻፈልሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ኬሩቦን ያንገበገባት ከመባረሩ ይልቅ ያ ሳቅ ነው። የጠወለገውን አበባ ያስጫነው ሙሴምቢ ራሱ እንደሆነ ታውቃለች። ነጋዴው ለማማ ከመንገሩ በፊት ጠቡን በእሷ ላይ ያላከከው እሱ ነው። ማስረጃ ግን አልነበራትም።

ናይሮቢ፣ ኡሞጃ ሰፈር፣ እህቷ ሞራ ቤት ገባች። ኡጋሊ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ እየቆረሱ እንኳ የሙሴምቢን ስም ታነሳለች።

«ኧረ በእናትሽ ተይው!» ትላታለች ሞራ። «እሱ እንደሆነ ረስቶሻል።»

«እሱ አይደል የሚያቃጥለኝ!»

ሥራ ስትፈልግ ሆን ብላ ኢሜይል ላይ ማኅተም የሚያደርግ ፕሮግራም ከሚሠራ ቢሮ ገባች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የግል ቁልፍ ይሠራለታል። ፕሮግራሙ ቁልፉን ከተቆለፈበት ፋይል የሚጭነው ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ብቻ ነው፤ መልእክቱን ያትምበትና ወዲያው ከማሽኑ ማስታወሻ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ አንዲት ፊደል ብትነካ ማኅተሙ ይፈርሳል። ኬሩቦ ይህን ኮድ ስትጽፍ በየመስመሩ የሚታያት የአንድ ሰው ፊት ነበር።

የውጭ አበባ ገዢዎች ያልታተመ መልእክት አንቀበልም ማለት ሲጀምሩ፣ የማማ ናሊያካ ድርጅት ያንኑ ቢሮ ሥሩልኝ አለ። ኬሩቦ አለቃዋን ለምና ሥራውን ወሰደች፤ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍራም ናይቫሻ ወረደች።

ሙሴምቢ በሩ ላይ አገኛት። «ውይ! አንቺ ልጅ፣ አለሽ እንዴ?»

«አለሁ። እርስዎም አሉ» ብላ ጨበጠችው።

ለሁሉም ሠራተኛ ቁልፍ ሠራች፤ የይለፍ ቃሉን እያንዳንዱ ብቻውን ሆኖ እንዲመርጥ አደረገች። ሥራው ሊያልቅ ሲል ሙሴምቢ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ይሄ ሁሉ የይለፍ ቃል ምን ያደርጋል? የሁሉንም ቁልፍ እዚያው ኮዱ ውስጥ ጻፊውና ከእኔ ማሽን ይጫን። ሰው ሲቀር እኔ እፈርምለታለሁ።»

ቁልፍን ኮድ ውስጥ መጻፍ የቤትን ቁልፍ በር ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። ሌላ ሰው ቢላት ትቆጣው ነበር። እሱን ግን አልተቆጣችውም፤ «ይቻላል» አለችው። «ግን እኔ የውጭ ሰው ነኝ፤ በኢሜይል ይዘዙኝ።»

«ብልጥ ሆነሻል!» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ጻፈ። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን ጠየቀው፤ አስገባ፤ የገዛ ቁልፉ ተጭኖ ትእዛዙ ታተመ። «የሁሉንም፣ የማማንም ጭምር፣ በእኔ እጅ አድርጊው። አሮጊቷ እንዳትሰማ» ይላል።

ኬሩቦ ኮምፒውተሯን ይዛ በቀጥታ ማማ ናሊያካ ቢሮ ገባች። ሙሴምቢ ተጠራ።

«እኔ አልጻፍኩም፤ በስሜ ማንም ሊጽፍ ይችላል» አለ።

«ድሮ አዎ» አለች ኬሩቦ። «አሁን ግን ማኅተሙ የእርስዎ ነው። ቁልፉን የሚከፍተውን ቃል ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቀውም።»

ማማ ናሊያካ ደጋግመው አነበቡት። «የእኔን ፊርማ ምን ልታደርገው ነው? በዚህች ልጅ ስም ያደረግከውን?»

ሙሴምቢ ሳይፈቀድለት ተቀመጠ። «ተናድጄ ነበር፣ ማማ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ማማ ወደ ኬሩቦ ዞሩ። «ልጆች አሉት። ዝም ብሎ ይሂድ።»

«እኔም እናት አለችኝ። በእኔ አፍራ ገበያ መውጣት ትታ ነበር። አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ያደረገው ይነገርና ይባረር።»

ማማ ናሊያካ ትክ ብለው አይተዋት ተነሡ።

በአዳራሹ ውስጥ በዚያ ቀን የሳቀ አልነበረም። ኬሩቦ ሆን ብላ ከፊት ቆመች። ሙሴምቢ በዓይኑ ሲለምናት ዓይኗን አልነቀለችም፤ ኮቱን አንጠልጥሎ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ማማ ናሊያካ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ለመኗት።

«ያኔ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቁኝም፣ ማማ» ብላቸው ወጣች።

ማታ ሞራ ታሪኩን ስትሰማ ዕቃ ማጠቧን አቆመች። «እና ትንሽ እንኳ አላሳዘነሽም?»

«ምንም። እንደገና ቢባረርና ባየው ደስ ይለኛል።»

ሞራ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ዕቃዋ ተመለሰች። ኬሩቦ ቻፓቲ ቂጣዋን ጠቅልላ በላች፤ ጨርሳም ሌላ ጨመረች።