የወሰኑ ቅንጭብ

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ነው። ከሰበታ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ ስለተዘጋ ሥራ ቀርቶብኛል። በሦስተኛው ቀን ቤት መዋል ሰለቸኝና... ገጀራ አንስቼ የጓሮውን ቅንጭብ መቁረጥ ጀመርኩ። ከጎረቤቴ ከኦቦ ፈይሳ ጋር የሚያዋስነን አጥር ነው።

እሾህ እንኳ የለው፣ ምን ያደርገኛል ብዬ በባዶ እጄ ገባሁበት። በቆረጥኩ ቁጥር ነጭ ወተቱ ይንጠባጠባል። ላብ ሲመጣብኝ በዚያው እጄ ፊቴን ጠረግኩ።

ዓይኔ ሚጥሚጣ የገባበት ያህል ነደደ! ባሸው ባሰብኝ። ቆይቶ ሁለቱም አልገለጥ አሉ። ቤት ውስጥ ሰው የለም፣ መኪና የለም... ታውሬ ልቀር ነው ብዬ በዚህ ዕድሜዬ እናቴን ጠራሁ።

«ሂን ቱቂን! አትንካው!» አለ ከአጥሩ ማዶ የኦቦ ፈይሳ ድምፅ።

ዞረው መጡ። መጀመሪያ እጄን በሳሙና አሳጠቡኝ። ከዚያ አስጎንብሰውኝ ከጀሪካን ውሃ ያፈሱብኝ ጀመር።

«ዓይንህን ክፈት።»

«አልችልም ኦቦ!»

«ትችላለህ። ክፈት!»

ሁለት ጀሪካን ሙሉ አለቀ። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ ስለነበር የሚጠጡትን ውሃ ነው የጨረስኩባቸው።

ትንሽ ማየት ስጀምር አጥሩ ላይ የተደገፈ ዱላ አየሁ።

«ዱላው ምንድነው ኦቦ?»

«ላንተ ነበር» አሉኝ ረጋ ብለው። «መሬት ሊወሰድ ነው በሚባልበት ሰሞን የወሰን አጥር ሳትነግረኝ ትቆርጣለህ? ወሰን ልትገፋ መስሎኝ ልጣላህ ነበር የመጣሁት።»

አፈርኩ። አስፈቅዳለሁ ብዬ አስቤም አላውቅም።

«ይቅርታ ኦቦ፣ ልገፋ አልነበረም...»

«እሱን ዓይንህ ሲድን እንነጋገራለን። አሁን ጤና ጣቢያ!»

የዱላውን አንድ ጫፍ አስይዘው፣ በእግራችን እየመሩ አደረሱኝ።

ከሳምንት በኋላ አጥሩን አብረን ከረከምነው። እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ጓንት፣ መነጽር... ነፋሱንም ከኋላችን አድርገን። ቁርጥራጩን ላቃጥል ስል «ጭሱም ዓይን ያጠፋል!» ብለው ከለከሉኝ።

«ፀባችንስ ኦቦ?» አልኳቸው።

«ቅንጭቡን ቆርጠን እንጨርስና» አሉኝ።

ቅንጭብ ደግሞ በቆረጡት ቁጥር ያቆጠቁጣል... ይኸው እስከ ዛሬ አልተጣላንም።