ፒዩሪታን የሆንኩበት ቀን

ፖሊሶች የያዙኝ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ፣ ሮበርት ስትሪት ላይ፣ ሰላማዊ ሰልፍ መካከል ነው። አብራኝ የነበረችው ሐበሻ የሥራ ባልደረባዬ ሕዝቡ ውስጥ ገብታ አመለጠች። እኔ የበረዶ ጫማዬ ከብዶኝ ቀረሁ።

ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም፤ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ብረቱ አግዳሚ ላይ አንዲት ሽበታም ነጭ ሴትዮ ተቀምጠው ነበር። ጡረታ የወጡ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ናቸው፤ የተያዙትም ከዚያው ሰልፍ ነው።

እኔን የጨነቀኝ የልጄ ነገር ነው። ክሪስታል ከተማ ባለው አፓርታማችን ብቻዋን ናት። ዜግነት ገና አላገኘሁም፤ እዚህ የሚጻፍብኝ ነገር ከአገር ሊያስባርረኝ ይችላል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የጠባቂዋን ፊት አያለሁ። ፈገግ ካለች ሊፈቱኝ ነው፤ ከተኮሳተረች አለቀልኝ። ከምሳዬ ላይ ወተቱ ሲጎድል እንኳ «ይኸው፣ ሊያስቀሩኝ ነው» አልኩ።

«አንቺ እኮ ፒዩሪታን ሆነሻል» አሉኝ መምህርቷ እየሳቁ።

ፒዩሪታኖች ድሮ ከእንግሊዝ ወደዚህ አገር የመጡ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች መሆናቸውን አስረዱኝ። እግዚአብሔር ማን እንደሚድን ዓለም ሳይፈጠር ወስኗል፣ ውሳኔውን ግን ማንም አያውቅም ብለው ያምኑ ነበር።

«ስለዚህ ምልክት ሲፈልጉ ይኖራሉ። ላም ታመመች፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሁሉን ይጽፉታል። የዕለት ማስታወሻቸውም፣ ግጥማቸውም፣ በአገሩ ነባር ሕዝቦች ተማርኮ የተመለሰ ሰው ታሪክም አንድ ጥያቄ ነው፦ እኔ ከተመረጡት ነኝ? ሥነ ጽሑፋችን የተጀመረው በዚህ ጭንቀት ነው።»

«መልሱን አገኙት?»

«እርግጠኛ የሆነ የለም።»

ተናደድኩ። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ እሳቸው ያስተምሩኛል።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝና ቪዲዮ አሳየኝ። ባልደረባዬ የፖሊሱን እጅ ከትከሻዬ ላይ ስትገፈትር ይታያል። ፊቷ በሻርፕ ተሸፍኗል።

«ማን እንደሆነች ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ ልጅሽ ጋ ትሄጃለሽ» አለኝ።

ስሟ ምላሴ ላይ ነበር። እኛ ንስሐ ስንገባ ለካህኑ የምንናገረው የራሳችንን ነው፤ የጎረቤታችንን ኃጢአት አይደለም።

«መንገድ ላይ ቆሜያለሁ፤ የራሴን ይጻፉ። የሰው አልናገርም» አልኩት።

መልሰው አስገቡኝ። መምህርቷ ምንም ሳይጠይቁ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ልጄን እያሰብኩ አለቀስኩ። በማግስቱ ፈቱኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

አሁንም ከመንግሥት ፖስታ ሲመጣ፣ ከመክፈቴ በፊት ውፍረቱን እየዳበስኩ ክፉ ይሁን ደግ ለመገመት እሞክራለሁ። ከባልደረባዬ ጋር ዛሬም አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብረን እንሠራለን። ስለ ቪዲዮው ነግሬያት አላውቅም። በቀደም የእሑድ ሺፍትሽን ተክቼሽ አልሠራም ስላልኳት አኮረፈችኝ።

«አንድ ቀን እንኳ ለኔ ብለሽ ምን አድርገሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አንሶላ ማንጠፌን ቀጠልኩ። ብነግራት እሷም እንደኔ ፖስታ ስትዳብስ ልትኖር ነው፤ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ በሰላም ትተኛ።