የበሽሎው የእንጨት ዓሣ

መርዶው የደረሰኝ ጎህ ሲቀድ ነው። የንስሐ አባቴ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ደጄ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ተቀመጪ። ባለቤትሽን በሽሎ ወሰደው» አሉኝ። ሲያጠምድ አንድ ትልቅ የአምባዛ ዓሣ ወንዙ ዳር ከቆመበት ድንጋይ ጎትቶ ጥሎት ኖሮ፣ ውኃው ከቋጥኝ ቋጥኝ እያላተመ ሰባበረው። ሬሳውን ሲያመጡት የማጥመጃው ክር አሁንም የእጁ አንጓ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር፤ ሥጋውን ቆርጦ አጥንት ላይ ደርሷል።

ልጅ ሳለሁ፣ ታች ጋይንት፣ አያቴ ምሽት ላይ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው ስለ በሽሎ ያወሩልን ነበር። ያኔ ኩራዙ እየጨሰ፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላ፣ ትልልቁን ዓሣ ለማታለል ከዋንዛ ጠርበው መንጠቆ ስለሚያስሩበት የእንጨት ዓሣና አገጩ ሥር ስለሚሰኩት የቆርቆሮ ምላስ ይነግሩናል። «ምላሱ ወደ ፊት ከተጋደመ ጠልቆ ይወርዳል፤ ቀጥ ካለ ላይ ላዩን ይሄዳል። ፏፏቴው ሥር ካለው ጥልቅ ውኃ ወርውሩት፤ ስትጎትቱት ይጠልቃል። ድንጋይ ከነካ ክሩን አላሉት፤ እንጨት ነውና ራሱ ይንሳፈፋል» ይሉ ነበር።

ተረቱ የሚያልቀው ግን ሳምንት ሙሉ የጠረበው ዓሣ እንዳይጠፋበት ሳስቶ ክሩን እጁ ላይ በጠመጠመ ሰው ነው። አያቴ እዚያ ሲደርሱ መሬቱን በዱላ እየደበደቡ አጥንቱ እንዴት እንደተሰበረ፣ ውኃው እንዴት ደም እንደመሰለ ይናገራሉ። እኔ ጆሮዬን እደፍናለሁ። «ይቺ ፈሪ! ዋናው እኮ ይኸ ነው!» ይሉኛል።

አግብቼ ስማዳ ከገባሁ በኋላ የዚያን ዓሣ አጠራረብ ለባለቤቴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የምላሱን አጋደም፣ የክሩን አጎታተት፣ ሁሉንም ነገርኩት። የሰውየውን እጅ ግን አልነገርኩትም፤ ባፌ ማምጣቱ ቀፈፈኝ። ያን ቀን ሲወጣ የጠረበውን እያገላበጠ፣ «አንቺ፣ ይቺ ከጠፋችብኝ መንጠቆው ላይ የምሰካው አንቺን ነው!» አለኝ።

«ሂድ ወዲያ! እኔን የትኛው ዓሣ ይደፍረኛል?» ብዬ ሳቅሁ።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። «ወንዙ እንጂ አንቺ አልገደልሽውም» አሉኝ፤ ማመን ግን ገና አልቻልኩም። አሁን ወደ በሽሎ የሚወርደውን ሁሉ መንገድ ላይ አስቁሜ ተረቱን ከነደሙ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ «አበደች» ብሎኝ ያልፋል። ይበለኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው፤ በጸሎታችሁ በዚያ ስም አስቡት። እግዚአብሔር የእሱን ነፍስ እንዲምር፣ የእኔንም ዝምታ ይቅር እንዲል ለምኑልኝ።