በሃምሳው ቀን የእናቴ ጉልበት

ላሚቱ ከእናቴ እጅ በቀር አትታለብም ነበር። ሌላ ሰው ጆግ ይዞ ሲጠጋት ወተቷን ትይዛለች፤ ካልተዋት ትራገጣለች። እናቴ ግን ጥጃዋን ትንሽ ታጠባና ከላሚቱ ሥር ቁጢጥ ትላለች። ግንባሯን ጎኗ ላይ አስደግፋ በአዊኛ የሆነ ነገር እያጉተመተመች ታልባታለች። ከእኛ ከልጆቿ ጋር የምታወራው በአማርኛ ነው። አዊኛዋን ለላሚቱና ግምጃ ቤት ከተማ ላለችው እህቷ አስቀርታዋለች።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ እጇ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይታጠፉም። እስከ ረፋድ ድረስ ብርጭቆ የምታነሳው በሁለት መዳፏ ደግፋ ነው። ቀጥሎ ጉልበቷ ተከተለ። እንጅባራ ቀዝቃዛ ስለሆነች ሰፈሩ በሙሉ ብርድ ነው አለ። አንዷ ሳማ ቆርጣ አመጣች። ሌላው ሪህ ነው ብሎ ፈረደ። እኔ ዳንግላ የጀመርኩትን ሥራ ትቼ ቤት የገባሁበት ጊዜ ስለነበር ሆስፒታል ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ስሙን ሩማቶይድ አርትራይተስ አሉት። ሐኪሙ ሲያስረዳን የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ይወጋል አለ። በባጃጅ ስንመለስ ከሰል የጫነ ጋሪ መንገድ ዘግቶብን ቆምን። እናቴ ጋሪውን እያየች፣

«ራሴን በራሴ እየበላሁ ነው ማለት ነው» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ እንጂ ፍርሃት አልሰማሁም።

የታዘዘላት ክኒን በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ነው፤ ምግብ ከተበላ በኋላ። እሑድን መረጠች። በእሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም የለም፤ ከቅዳሴ መልስ በልታ ትውጠዋለች። ይህን ስታቀናጅ ማንንም አላማከረችም።

ያስቸገራት ሌላው ትእዛዝ ነው። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለችው ልጅ እግር ባለሙያ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ እንድትል፣ ግድግዳ ላይ መዳፏን ዘርግታ እንድትገፋ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨርቅ እንድትጨምቅ አሳየቻት። ቅቤና ስኳር ቀንሺ፣ ጎመንና ተልባ አብዢ፣ ክብደትሽ ሲቀል ጉልበትሽ ያርፋል አለቻት። ክኒኑን ግን የሚተካ ምንም የለም፣ እነዚህ አጋዦቹ ናቸው ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀች። እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። ቤት ስንደርስ፣

«ስፖርት የሥራ ፈት ነው» አለች። «ይቺን አንተ ሥራት።»

ማለቡ ለእኔ ደረሰ። ላሚቱ ጆጉን አስደፋችኝ፣ ከዚያ እኔን ደፋችኝ። እናቴ በረት አፍ ላይ በርጩማ አስቀምጣ በአዊኛ ታባብልልኛለች፤ መሃል ላይ በአማርኛ፣ «ከምትጽፈው ግጥም አንብብላት፣ ምናልባት ትተኛ ይሆናል» ትላለች። ወተቱ እየቀነሰ ሄደ። አክስቴ ከግምጃ ቤት ደወለች። ላሚቱ በከንቱ ትደርቃለች፣ እኔ ልውሰዳት አለች። ብዙ ተነጋግረው እስከ ጰራቅሊጦስ ለመጠበቅ ተስማሙ። እስከዚያ እናቴ ራሷ ካላለበቻት ላሚቱ ትሄዳለች። እናቴ ስልኩን ዘግታ ወደ በረት ሄደች፣ እዚያ ብዙ ቆየች።

ሁዳዴ ገባ። ቅቤው፣ ወተቱ፣ ሥጋው በራሱ ጊዜ ከቤታችን ወጣ። ሽሮና ጎመን፣ ድንች፣ ተልባ። የሐኪሞቹን ምግብ ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ አዛው ነበር። ስኳሩን ብቻ ነው እናቴ በራሷ ፈቃድ የተወችው፤ እሱንም ለሁለት ሳምንት ያህል እያኮረፈች። ጠዋት ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ትሰግዳለች። መጀመሪያ ላይ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ በግማሽ ትወርዳለች፣ በግማሽ ትነሣለች። እኔ ከጓዳ ሆኜ አያታለሁ። መውረድ፣ መነሣት፣ መውረድ። ባለሙያዋ ያሳየቻት ነው፤ ወንበሩ ብቻ ነው የጎደለው።

ለቀጠሮ ስንሄድ ነገርኩባት። ባለሙያዋ አልሳቀችም። የታጠፈ ጋቢ ከጉልበቷ ሥር እንድታደርግ፣ በእጇ አንጓ ላይ እንዳትደገፍ፣ ካበጠ እንድታርፍ፣ በጥቂቱ ጀምራ እንድትጨምር ነገረቻት። ስንወጣ እናቴ ተቆጣችኝ። «ጸሎቴን ለሐኪም አሳበቅህ» አለች። ጋቢውን ግን አጠፈችው።

በሰሙነ ሕማማት ጉልበቷን ሙሉ በሙሉ አጥፋ መነሣት ቻለች። ቅዳሜ ጠዋት እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግታ፣ በረት ገባች። ከላሚቱ ሥር ቁጢጥ አለች። የጆጉ ታች እስኪሸፈን ድረስ አለበች፣ ከዚያ ጣቶቿ እምቢ አሉ። ቀሪውን እኔ ጨረስኩ። ቀኑን ሙሉ ለአክስቴ ለመደወል ሰበብ ስትፈልግ ነበር።

ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ጾም የለም፣ ስግደትም የለም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ሁሉም ያርፋል፤ እናቴም አረፈች። ዶሮው፣ ቅቤው፣ በየጎረቤቱ የሚጠራው ድግስ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ ማንሳት ጀመረች። ከላሚቱ ሥር መቀመጡ ቀረ።

«የሰጠኝን መልሶ ወሰደብኝ» አለች።

«መንቀሳቀስ ስላቆምሽ ነው እኮ» አልኳት።

«ስግደት የለም።»

«ስፖርት ሥሪ።»

«ያው አይደል እንዴ! ወርጄ ስነሣ ልቤ ይሰግዳል። ጌታ በተነሣበት ወራት የሐዘን ስግደት እንዴት ብዬ እሰግዳለሁ?»

ወንበሩ ላይ አድርጊው ብላትም ያው ነው አለች። ምግቡም እንዲሁ ሆነ። አንድ ቀን ድግስ ላይ ጎመኗን በሳህን ይዛ ጥግ ላይ ብትቀመጥ የድግሱ ባለቤት ጎረቤታችን ከወጥ ድስቱ ቀና ብላ በሰው ሁሉ ፊት፣

«አንቺ ሴትዮ፣ ጌታ ተነሥቷል እኮ! አልሰማሽም?» አለቻት።

ሰው ሳቀ። እናቴ፣ «ጎመን በጤና» ብላ መለሰች፤ ግን ጆሮዋ ቀልቶ አየሁ። በሃምሳው ቀን የሚጾም ሰው እምነቱ ያጠራጥራል። ያን ቀን ዶሮውን በላች።

በሦስተኛው ሳምንት የንስሐ አባቷ ቤታችን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀመጡ እሳቸውም ጉልበታቸውን ይዘው ነው። እናቴ ጠላ ቀድታላቸው ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሐኪሞቹ ቁጭ ብድግ በይ ይሉኛል። ቀኑ ደግሞ ሃምሳው ነው።»

አባ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ላሚቱን፣ አክስቴን፣ ጎመኑን ሁሉ። ጠላቸውን ተጎነጩና፣

«ስትሰግጂ ወዴት ነው የምትዞሪው?» አሏት።

«ወደ ምሥራቅ ነዋ።»

«እንግዲያ ወደ ምዕራብ ዙሪ።»

«ዞሬስ?»

«ዞረሽማ ሰውነትሽን አፍታቺ። አታማትቢ። እግዚኦ አትበዪ። አንድ፣ ሁለት እያልሽ ቁጠሪ፣ እንደ ተማሪ ቤት። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት በሃምሳው ቀን አይዋጥም ያለ የለም።»

«ጎመኑስ?»

«አንድ ጉርሻ ሥጋ ቅመሺላቸው። ከዚያ ጎመንሽን ብዪ። ጾመች የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው።» ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተስ ምን ትስቃለህ? አብረሃት ሥራ እንጂ» አሉኝ።

በቤታችን ምዕራብ ያለው በረቱ ነው። እናቴ በማግስቱ ጋቢዋን አጥፋ፣ ጀርባዋን በምሥራቅ በኩል ለተሰቀለው ቅዱስ ሥዕል ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ በረቱ ግድግዳ አዞረች። ከእኔ ጋር ለመሥራት ግን እንቢ አለች፤ ውጣልኝ አለች። ከውጭ እሰማታለሁ። «አንድ። ሁለት።» ሲደክማት «እግዚ...» ትልና ታቆማለች፣ መልሳ «አምስት» ትላለች። ድግስ ሲኖር ደግሞ ጎረቤት ድረስ ራሷ በእግሯ እየሄደች፣ ከወጡ አንድ ጉርሻ ትቀምሳለች። የቀረውን ጎመን ታደርገዋለች። ጎረቤታችን መጀመሪያ ታሾፍባት ነበር፤ በኋላ የራሷ ጉልበት እንደሚያማት ነገረቻት።

አክስቴ በጰራቅሊጦስ ዋዜማ በሚኒባስ መጣች። ዘንቢሏ ላይ የተጠቀለለ አዲስ ገመድ ነበር። 

ጠዋት ላይ ጭጋግ ነበር። እናቴ እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ብዙ አቆየችው። ወደ ምዕራብ ዞራ ቆጠረች። ከዚያ ጥጃዋን አጠባች፣ ከላሚቱ ሥር ቁጢጥ አለች። አክስቴ ገመዱን ይዛ በረት አፍ ላይ ቆማለች። ወተቱ ጆጉን ሲመታ የነበረው ድምፅ የድሮው አይደለም፤ ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ ይቆማል። ላሚቱ አንዴ ዞራ አየቻትና ማመንዠኳን ቀጠለች። ጆጉ ከግማሽ ትንሽ አለፈ። ከዚያ በላይ ጡቷ አልሰጠም። እናቴ ምንም ሳትደገፍ ብድግ አለች።

አክስቴ በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ እናቴ ሳቀች።

«ምን አለችሽ?»

«ይቺን ታህል ወተት ለማለብ ነው ፀሐይ እስኪወጣ የቆየሽው አለችኝ።» ከዚያ ለእህቷ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ፣ «ገመዱን ተይልን። የእኛ አርጅቷል» አለቻት።

አክስቴ ገመዱን ምሰሶው ላይ ሰቀለችው፣ ወተቱን ጠጣች፣ በከሰዓቱ ሚኒባስ ተመለሰች።

እናቴ አልዳነችም። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ዛሬም ወደ ጎን ያዘነበሉ ናቸው፤ ጭጋጉ የበዛ ቀን ከአልጋ ለመውረድ ጊዜ ይፈጅባታል፤ ክኒኑም እሑድ እሑድ እንደተዋጠ ነው። በጰራቅሊጦስ ማግስት የሐዋርያት ጾም ሲገባ ስግደቱ ስለተፈቀደ ወደ ምሥራቅ ትመለሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ከጓዳ ሆኜ አየኋት። መጀመሪያ ወደ በረቱ ዞራ ቆጠረች። አርፋ ጋቢውን አንሥታ ወደ ሌላው ግድግዳ አነጠፈችውና አማተበች።

ስትጨርስ፣ «አሁን እኮ አንዱ ይበቃሽ ነበር» አልኳት።

«ያ የጌታ ነው» አለች፣ ጆጉን እያጠበች። «ይሄ የላሚቱ።»