ፎጣ የተጠመጠመባቸው ሦስት ራሶች

ብርቅዬ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ሲወረድ ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ሹሩባ ትሠራለች። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ከእጇም ይፈጥናል። ይህ ሁሉ ወሬ እያላት ግን የሰው ምስጢር አውጥታ አታውቅም። ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሴት ፊት ለፊት የማትናገረውን ትናገራለች፤ ብርቅዬም ሰምታ ከጸጉሩ ጋር ጎንጉና ታስቀረዋለች። ደንበኛ የሚበዛላት ለዚህም ጭምር ነው።

ሳያት የመጣች ቀን ግን ይህ ጠባይዋ ጭንቅ ውስጥ ከተታት። ሳያት አሥረኛ ክፍል ናት፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መካከል ድምጿ የተወደደላት። ብርቅዬ ጸጉሯን ፈትታ ማበጠሪያውን ስታስገባ የሲጋራ ሽታ አፍንጫዋን መታት።

«ሳያትዬ፣ ይሄ ሽታ የምንድነው?»

«የታክሲ ይሆናላ።»

«ታክሲው ጸጉርሽ ውስጥ ገብቶ ነው ያጨሰው?»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ እንባ ሊዞር ዳዳው። «ምን ላድርግ እትዬ ብርቅዬ? ጓደኞቼ ሚሚና አልፊያ ሲጋራ በጣም ይወዳሉ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ያላለቀው ፎቅ ስር አንዱን እንቀባበላለን። እምቢ ካልኩ ‹ፓስተሯ መጣች› ብለው ይስቁብኛል። እኔን ያቅለሸልሸኛል፤ ድምፄም ሻከረ። አደራ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ!»

«አልናገርም።»

በማግስቱ ደግሞ አልፊያ መጣች። ሻርቧን ስታወልቅ ያው ሽታ።

«እነ ሳያት ናቸው የሚወዱት» አለች አልፊያ። «እኔ ፋራ እንዳይሉኝ ጭሱን አፌ ውስጥ ይዤ እተፋዋለሁ። ወላሂ፣ እማዬ እንዳትሰማ!»

«አልናገርም» አለች ብርቅዬ፤ ማበጠሪያው እጇ ላይ ቀረ።

ዝም ካለች የሳያት ድምፅ ሊጠፋ ነው። ከተናገረች ቃሏን መብላቷ ነው። የልጆቹ ሹሩባ እስኪፈታ ድረስ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተች።

በትምህርት ቤቱ የባህል ቀን ዋዜማ ሦስቱም አብረው ከተፍ አሉ፤ ሚሚ ማስቲካዋን እያጮኸች ከፊት። ብርቅዬ ጸጉራቸውን አጠበችና ዓይናቸውን ሸፍና ፎጣውን እስከ አፍንጫቸው ጠመጠመችላቸው።

«እትዬ፣ አፈኑን እኮ!» ጮኸች ሚሚ።

«ታገሺ። ማጨሳችሁን አፍንጫዬ ነግሮኛል። አልቆጣም፤ ለእናቶቻችሁም አልናገርም። አሁን፣ ሲጋራ የምር ደስ የሚላት እጇን ታውጣ። ጣሳው ውስጥ ያሉትን ቀይ ዶቃዎች በነፃ ሹሩባዋ ጫፍ ላይ እሰካላታለሁ።»

የሚሚ ማስቲካ ጸጥ አለ። እጆቻቸው ሁሉ ጭናቸው ላይ እንደተኙ ናቸው።

«እጅ እንዳይነቃነቅ!» አለችና ብርቅዬ ፎጣዎቹን ገለጠች።

ልጆቹ ተያዩ።

«አንቺም?»

«አንቺስ?»

«ሚሚ! የምትገዢው ራስሽ አይደለሽ እንዴ?»

«እናንተ ትወዳላችሁ ብዬ ነዋ! በታክሲዬ ሂሳብ እየገዛሁ ቤቴል ሰፈር ድረስ በእግሬ የምሄደው ለማን መሰላችሁ?»

ቆርቆሮው እስኪንጫጫ ሳቁ፤ ብርቅዬም ወገቧን ይዛ። ሳቁ ሲበርድ ሳያት እየተሠራች መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረች። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምጿ ትንሽ ተሰነጠቀ፤ ግን ወጣው። ብርቅዬ፣ ሳያት እንዳትሰማባት፣ ቀስ ብላ በእፎይታ ተነፈሰች።

ሚሚ ዓይኗን ከዶቃዎቹ አልነቀለችም። «እትዬ ብርቅዬ... ትንሽዬ ወድጄው ነበር ብልስ?»

«ዝም በይና ራስሽን አቅኚ!» አለቻት። እጇ ግን የዶቃውን ጣሳ መክፈት ጀምሯል።