መሀሉ የባለቤቱ ነው

ማንኩሳ ይኖሩ የነበሩት አያቴ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ በበሩ መሀል አያልፉም ነበር። ክረምት እንኳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ዳር ዳሩን፣ ጭቃውን እየረገጡ ይገባሉ።

"አባባ፣ መሀሉ ደረቅ ነው እኮ" ስላቸው፣ "መሀሉ የባለቤቱ ነው" ይሉኛል።

የእርሳቸው ብቻ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

አምና ለሥልጠና ጃፓን ሄጄ ሺንቶ የሚሉትን ነባር ሃይማኖታቸውን ጥንታዊ መቅደስ አስጎበኙን። ከትልቁ የእንጨት በር ስንደርስ አስጎብኚያችን ዝቅ ብለው እጅ ነሱና ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ሳብ አደረጉኝ። መሀሉ የአምላክ መሄጃ ነው አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሕዝቡ ሁሉ በግራና በቀኝ ዳር ዳሩን ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሰፊው መንገድ ባዶውን ተዘርግቷል።

ተመልሼ ስነግራቸው አያቴ ምንም አልደነቃቸውም።

"ታዲያ በሰው ቤት መሀል መሀሉን የሚሄድ ማን አለ፣ ልጄ?" አሉኝ።

ዘንድሮ አረፉ። በአርባቸው ዕለት ከፍኖተ ሰላም መጥቼ ከዚያው ከቤተ ክርስቲያናቸው በር ደረስኩ። መሀሉን ለባለቤቱ ትቼ ወደ ዳር ስጠጋ፣ ዳሩ የእርሳቸው ሆኖ ታየኝ። እግሬን የማሳርፍበት አጥቼ ውጭ ቆሜ ተሳለምኩ።